ውኃ የሚጠጣ አደራ

በዚህ ጋዜጣ ላይ የሚጻፈው ከባድ ከባድ ጉዳይ ነው። የአገር ነገር፣ የወገን ነገር፣ የስደት ወረቀት ነገር፣ የዕድርና የማኅበር ነገር በየሳምንቱ ይነሣል፣ ይጣላል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን የቅጠል ወሬ ነው። መስኮት ዳር ተቀምጦ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ሐረግና ውኃ በሆዱ ቋጥሮ ስለሚኖር ወፍራም ቅጠል ላወራችሁ ነው። «ሰውዬው ምን ነካው? ይኼ ሁሉ ጉድ ባለበት ዘመን ስለ ቅጠል ይወራል?» የሚል ቢኖር አልቀየምም። እስከ መጨረሻው አብሮኝ ከዘለቀ ግን ወሬው የሰውም ወሬ ሆኖ ያገኘዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

በ1980ዎቹ ዓመታት ቨርጂኒያ ውስጥ የኖረ የአገሬ ሰው ያኔ የነበረንን ቤት አይረሳውም። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ለአምስት ለስድስት እንኖር ነበር። ዕቃችን ምን ነበር? መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ከመንገድ ዳር ተሸክመን ያመጣነው ቴሌቪዥን፣ ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ፣ በር ጥግ ደግሞ የየራሳችን ሻንጣ። ሻንጣው አይፈታም። ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ነገር መግዛት እንደ ክህደት ይቆጠር ነበር ብል አላጋነንኩም። መስቀል በመጣ ቁጥር፣ ገና በመጣ ቁጥር፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር «የሚቀጥለውን አገራችን ያድርግልን» እንባባል ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። አገር ቤት ዳኛ ነበሩ። እዚህ ግን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ተቀምጠው፣ ሌሊት ሌሊት ሒሳብ ይቀበላሉ። አንድ ጊዜ አብሮን ከሚኖሩት ልጆች አንዱ ከሱፐርማርኬት አንዲት አበባ ከነሸክላዋ ገዝቶ ገባ። ጋሼ ልጁን አዩት፣ ሸክላዋንም አዩ። «ተክል የሚተክል ሰው የሚቀመጥ ሰው ነው። አንተ ልትቀመጥ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉት። ልጁ አፈረ። አበባዋም ዞር ብሎ የሚያያት ሳታገኝ ደርቃ ተጣለች።

1991 መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ። ከመካከላችን ሁለቱ ሻንጣቸውን አንሥተው ገቡ። ጋሼ ግን «ቆይ ትንሽ ይርጋ» አሉ። ትንሽ ይርጋ እያሉ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት ሆነ። ሁለቱ ሻንጣዎቻቸው ከበር ጥግ አልተነሡም፣ አልተፈቱምም። ውድ አንባቢ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ። በየከተማው አለ።

በ1996 ጋሼና እኔ ወደምንኖርበት ሕንጻ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ መንታ ወልዳ የሚይዝላት ስላጣች ከጎንደር ያስመጣቻቸው ናቸው። እማማ የተቀመጡት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ቋንቋ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ቡና ተጠራርቶ መጠጣት የለ። ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ብቻ፣ ያውም መኪና ያለው ሰው ከተገኘ ነው። በመስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ መኪና እንጂ በእግሩ የሚሄድ ሰው አያዩም። «ልጄ፣ ይኼ አገር ሰው አለው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል።

አንድ ቀን ከሕንጻው ቆሻሻ መጣያ ክፍል ውስጥ ሰው የጣለው ሐረግ አገኙ። ግማሹ ጠውልጓል። ደኅናውን መርጠው ከአንጓው በታች ቆረጥ ቆረጥ አደረጉና ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆሙት። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነጭ ሥር አወጣ። ከዚያ የናይዶ ወተት ጣሳ ታችኛውን በምስማር በሳሱ፣ አፈር ሞሉና ተከሉት። ጎንደር በረንዳቸው ላይ እንዲሁ በጣሳ በጣሳ ይተክሉ ነበርና እጃቸው አልጠፋበትም።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣሳው ሰባት ደረሰ። ስም ያወጡላቸውም ራሳቸው ናቸው። በሁለት ጣሳ የተተከለችውን፣ ፈረንጆቹ ፖቶስ የሚሏትን፣ «ሐረጊቱ» አሏት። ቅጠሏ እንደ አረንጓዴ ዶቃ በክር ተሰክቶ የሚንዠረገገውን «መቁጠሪያዬ» አሏት። ልጆቿን በረጃጅም ክር አንጠልጥላ የምትኖረውን «ወላዲቱ» አሏት። ጄድ የምትባለዋን፣ ቅጠሏ እንደ ጣት የሚወፍረውን፣ «ወፍራሚት» አሏት። እሬት ስም ማውጣት አላስፈለጋትም። ሰባተኛዋን ያገኟት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ከልጃቸው ጋር ሄደው ሳለ ከአበባዎቹ መደርደሪያ ፊት ድንገት ቆሙና «ይህቺ እኮ የእኛዋ እንዳሁላ ናት!» ብለው ጮኹ። ልጅየዋ እናቴ ናፍቆት በረታባት ብላ አዘነች። እማማ ግን ልክ ነበሩ። ሱፐርማርኬት የምትሸጠው ካላንኮዬ ከማዳጋስካር የመጣች ስትሆን፣ ከአገራችን እንዳሁላ ጋር የአንድ ወገን ልጆች፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው።

መንቶቹ አድገው ትምህርት ቤት ገቡ። በ2003 እማማ «አፈሬ አገሬ ይሁን» ብለው ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ሰባቱን ጣሳ አንድ በአንድ አስወርደው ጋሼ ቤት አስደረደሩና «ዳኛ፣ አደራ!» አሏቸው። ጋሼ ምን ይበሉ? አበባ በገንዘብ የገዛን ልጅ መገሠጽ ይቻላል። የእናት አደራ ግን አይመለስም። በኋላ ለእኔ «ይኼ ምን ዓይነት አደራ ነው? ወርቅ ቢሆን ሣጥን ውስጥ እቆልፍበት ነበር፤ ይኼ እኮ ውኃ ይጠጣል!» አሉኝ።

አደራ በላ ላለመባል በየጠዋቱ ከሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሰባቱንም ያጠጣሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ መቁጠሪያዋ ሟሸሸች፣ እንዳሁላዋ ከሥሯ በሰበሰች፣ ወፍራሚት ግንዷ እንደበሰለ ድንች ልል ብሎ ወደቀች። ጋሼ የስልክ ካርድ ገዝተው ጎንደር ደወሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «እማማ፣ አደራዎን በላሁ» አሉ። እማማ «ምን አደረጓቸው?» አሉ። ጋሼ «በየቀኑ ውኃ ሳላጓድል…» ብለው ሳይጨርሱ እማማ በዚያ ማዶ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ዳኛ፣ ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ! ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ርጥበት ካገኘዎት ይተዉዋት። ከወደቀችው ደኅና ደኅናውን ቅጠል ይልቀሙና ቁስሉ እስኪጠግግ ጥቂት ቀን መስኮት ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ ያጋድሙት። እሷ ከቅጠል ትነሣለች።» ካርዱ እዚህ ላይ አለቀ። ወፍራሚት ግን እውነትም ከአንድ ቅጠል ተነሣች።

እኔም በነገሩ ተገርሜ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ማንበብ ያዝኩ። የተክል ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ በውኃ ከተሞላ አየር ያጥረውና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ልክ እንደተጠማ ሁሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ጠምቶታል» ብሎ ይጨምርለታል። ሲበዛ ማርም ይመራል ማለት ይህ ነው። መለያው ይኼ ነው፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ልል ካለና አፈሩ ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ ቅጠሉ ተሸብሽቦ ወይም ጫፉ ደርቆ ሲነኩት ከተንኮሻኮሸና አፈሩ ከጣሳው ግድግዳ ከተላቀቀ ግን በእውነት ጠምቶታል።

ሌላም ነገር አነበብኩ፤ ለጋሼ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። ሌላው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳ በቀን ከፍቶ አየር ያስገባል። እነ ጄድ፣ እነ እሬት፣ እነ እንዳሁላ ግን የበረሃና የደረቅ ቦታ ልጆች በመሆናቸው በቀን ፀሐይ ውኃቸውን እንዳትሰርቃቸው ቀዳዳውን ይዘጋሉ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከፍተው የሚፈልጉትን አየር ይሰበስቡና በቀን ብርሃን ይሠሩበታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አሃ! እንደ እኛ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ናቸዋ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደራችሁ፣ ባልደረቦቼ?» ማለት ጀመሩ።

ትውልዳቸውንም አጣራን። ወፍራሚትና መቁጠሪያ ከደቡብ አፍሪካ ናቸው። ወላዲቱም አፍሪካዊት ናት። መድኃኒት ቤት ሁሉ የሚሸጣት ቅባት የሚሠራባት አሎይ ቬራ ከዐረብ ልሳነ ምድር የመጣች ስትሆን፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ደግሞ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ። አንዷ በሳይንስ ስሟ «አሎይ አዲግራታና» ትባላለች፤ የአዲግራት ማለት ነው። በአንጻሩ የራሳችን የምንለው በለስ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። ቁልቋልን አይተው ፈረንጆቹ ካክተስ ነው ይላሉ፤ አይደለም። የካክተስ ዘር የአሜሪካ ነው፣ ቁልቋል ግን የእኛው ነው። ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ያጋልጠዋል። ዘመዶቹ በየአበባ መሸጫው ስላሉ የገዛችሁ ሰዎች ወተቱ ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ አገር ቤት እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ጋሼ ታዲያ የአገር ቤት እሬት ሰው ይዞላቸው እንዲመጣ ፈለጉ። ስጠይቅ እንዲህ በቀላሉ እንደማይሆን ተረዳሁ። በ1973 እዚሁ ዋሽንግተን የተፈረመ ሳይተስ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በእሱ መሠረት ከአሎይ ቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አይሻገሩም። በዚያ ላይ ከነሥሩ የሚገባ ተክል ሁሉ ጤንነቱን የሚመሰክር ሰነድ ያስፈልገዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እሬትም ቪዛ ትጠየቃለች?» ብለው እስኪያነቡ ሣቁ።

ስለ ክረምቱ ብርድ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ የብዙ ሰው ተክል የሚያልቀው ያኔ ነውና። አዲስ አበባ በታኅሣሥም ቢሆን ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። ዋሽንግተን በአጭሩ ቀን 9 ሰዓት ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ብርሃን ሲቀንስ ተክሉ ሥራውን ይቀንሳል፣ ሥራ ሲቀንስ የሚጠጣው ይቀንሳል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጠጣ ጄድ በብርድ ወራት ሦስት አራት ሳምንት ቢያልፈው ግድ የለውም። ለእንዳሁላ ግን ጨለማው ሲሳይ ነው። በቀን ወደ 14 ሰዓት የሚጠጋ ጨለማ ለ6 ሳምንት ያህል ስታገኝ ነው አበባ የምትቋጥረው። ማታ ማታ አምፖል የሚበራበት ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠች ሌሊቱ ያጥርባትና ዝም ትላለች። ጋሼ በሞተችው ምትክ የገዟት እንዳሁላ ግን እሳቸው ማታ መብራት አጥፍተው ሥራ ስለሚወጡ ያለ ማንም እርዳታ ለጥምቀት ሰሞን ቀይ አበባዋን ዘረገፈችው።

ሐረጊቱም የራሷ ታሪክ አላት። አገሯ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ሞሬአ የምትባል ደሴት ናት። በቤት ውስጥ አበባ ስታወጣ አይታይም፤ በየአገሩ የምትባዛው ሰው ከሰው ቁራጭ እየተቀባበለ ነው፣ እንደ እርሾ። በተፈጥሮዋ ዛፍ ላይ የምትወጣ ስለሆነች ወደ ታች ስትንጠለጠል ቅጠሏ እያነሰ ይሄዳል። የምትጨብጠው እንጨት ሲቆምላት ግን ሽቅብ ትወጣና ቅጠሏ ይሰፋል። አንዷን አንጠልጥለን አንዷን በእንጨት አቁመን በዓይናችን አይተነዋል።

«ተክል የቤት አየር ያጠራል» የሚባለውንስ? ወሬው የተነሣው በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በታሸገ ሣጥን ውስጥ ካደረገው ሙከራ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ግን የተለመደ ቤት አየር ለማጥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ተክል መደርደር እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ስለዚህ አየር እንዲያጠራላችሁ ብላችሁ አትድከሙ። መስኮት ክፈቱ።

በ2006 አንድ ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ጋሼ ቤት ገባሁ። በር ጥግ ባዶ ነው። ሁለቱ ሻንጣዎች በደቡብ በኩል ባለው መስኮት ሥር ተደራርበው፣ ላስቲክ ተነጥፎባቸው፣ ወፍራሚትና እሬት በላያቸው ጉብ ብለዋል። እኔም ዝም ብዬ አየሁ። ጋሼ «ከፍታቸው ለመስኮቱ ልክ ነው» አሉና ሲኒውን ሰጡኝ።

በ2010 ለስድስት ሳምንት አገር ቤት ገቡ። ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ወረቀት አብረው ሰጡኝ። የዳኛ ነገር፣ ልክ እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጻፈ ነው። «አንደኛ፦ ጣት ሁለት አንጓ ድረስ አፈር ውስጥ ሳይገባ ውኃ እንዳይፈስ። ሁለተኛ፦ ሲጠጡ በሥር በኩል እስኪንጠባጠብ ይጠጡ፤ የተጠራቀመው ግን ይደፋ። ሦስተኛ፦ ወፍራሚትና እሬት ከደቡብ መስኮት፣ ሐረጊቱና ወላዲቱ ከምሥራቅ መስኮት እንዳይነሡ። አራተኛ፦ ውኃ ቋጣሪዎቹ አፈር ሲቀየርላቸው እኩሌታው ሻካራ አሸዋ ይሁን። አምስተኛ፦ የሐረጊቱ ቅጠል አፍ የሚያቃጥል ስለሆነ ሕፃን ይዞ የመጣ እንግዳ ይነገረው፤ ድመትም አትቅረባት። ይህን ትእዛዝ ተላልፎ የተገኘ ቡና አይጠጣም።» ወረቀቱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ።

ጎንደር ሄደው እማማ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ተሳለሙ፤ እማማ አንድ ዓመት ቀድመዋቸው አርፈው ነበር። ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳቸው። ገና ሻንጣቸውን ሳልይዝላቸው «አጠጣህልኝ?» አሉኝ። ቤት ሲገቡም መጀመሪያ የሄዱት ወደ መስኮቱ ነው። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱና «መልካም። አደራውን ጠብቀሃል» አሉኝ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ በዚህ አገር ኖሮ እንዳልኖረ ሁሉ የሚቆጥር ሰው ዛሬ ወደሚጠብቀው ነገር ተመልሶ ገባ። አገሩንም አልረሳም፤ ከዚያ በኋላም አገር ቤት ያለውን ዜና ሰምቶ የማያለቅስበት ቀን አልነበረም።

ጋሼ በ2018 አረፉ። በአርባቸው ዕለት ሕንጻው ውስጥ ያለን ሁሉ ቤታቸው ተሰበሰብን። ዕቃ የሚካፈል ዘመድ አልነበራቸውም። እኔ መቀስ ይዤ ሐረጊቱን ከየአንጓው ቆረጥኩ፣ የወላዲቱን ልጆች አላቀቅኩ፣ የወፍራሚትን ቅጠል ለቀምኩ። የመጣው ሁሉ በርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ዛሬ የእነዚያ ጣሳዎች ልጆች ሲያትልም አሉ፣ ስቶክሆልምም ዘር የላከ አለ ይባላል፤ እንዴት እንደገባ አልጠየቅኩም።

አሁን ወደማሳስባችሁ ነገር ልግባ። ዛሬም በየወሩ እናትና አባቶቻችን ልጅ ሊይዙ፣ ሊታከሙ፣ ሊጠየቁ ይመጣሉ። ቴሌቪዥን እንከፍትላቸውና ሥራ እንሄዳለን። ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ሰዓት በዝምታ ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። አገር ቤት በሬ የጠመዱ፣ ጓሮ ጤና አዳምና በሶብላ ያበቀሉ እጆች ናቸው። ማታ ስንገባ «ደኅና ዋልን» ይሉናል፤ ለእኛ አዝነው ነው እንጂ ውሏቸው ደኅና አይደለም።

ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒት አለኝ አልልም። ነገር ግን ታቹ የተበሳ አንድ ጣሳ፣ ጥቂት አፈር፣ የሐረግ ቁራጭና ብርሃን የሚገባበት መስኮት ከዐሥር ዶላር አይበልጥም። ነገ ጠዋት ሲነሡ ቅጠሉ ምን ያህል እንደረዘመ የሚያዩበት፣ ጎረቤት ሲመጣ ቆርጠው የሚሰጡት የራሳቸው ነገር ይኖራቸዋል። ማታ ስትገቡም ስለ ሥራችሁ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ጣሳቸው የሚነግሯችሁ ይኖራቸዋል። ስሙን ራሳቸው ያውጡለት። እናንተ ብቻ ውኃውን እንዳያበዙት ንገሯቸው፤ ወይም እማማ እንዳሉት፣ ጣታቸውን ይክተቱ።

ቸር ይግጠመን።